ምስጋና ለፋስት ቻርጀር አርበኞቻችን

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ሄዶ ዋለና አመሻሽ ላይ መጣ። ከዛ በኋላ ፒያሳ ያሉ ካፌዎች ምን እንደሚመስሉ ለደሴ ሰው አላስረዳም፣ ሶኬት አጠገብ ያለች ወንበር ከሙሽራ ወንበር በላይ ትፈለጋለች። እኔም ልትጠፋ የደረሰች ስልኬን ይዤ ገባሁ፣ ግን አንድ የተከበረ ዜጋ ቀድሞኝ ዲቫይደሩን ጠቅልሎ ይዞታል። ስልክ፣ ፓወር ባንክ፣ ኤርፎን፣ ሌላ ስልክ። «ወንድም አንዷን ብትለቅልኝ?» ስለው ቀና እንኳን ሳይል «አብሽር፣ የኔ ፋስት ነው፣ አሁን ይሞላል» አለኝ።

አሁን ይሞላል ካለማ ጥሩ ብዬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሳላደንቅ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ቻርጀሩ ላይ በደማቅ ቀለም 120 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ከስር ደግሞ አይን በምታጠፋ ፊደል አውትፑት 5 ቮልት፣ 2 አምፒር ይላል፣ ቮልቱን በአምፒሩ ስታባዛው 10 ዋት ነው፣ ግን ጀግና መች ያባዛል። ኬብሉ ከሞተ ስልክ የተወረሰ ነው፣ አንገቱ በፕላስተር ታስሯል፣ ወደ ግራ ካዘነበለ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ስልኩን በስኳር እቃው አስደግፎ በትንሽ ጣቱ ኬብሉን ገፍቶ ይዞታል። በሌላኛው እጁ ቲክቶክ ላይቭ ያያል። የስክሪኑ ብርሃን እስከ ጥግ፣ ሆትስፖት ተከፍቶ ለጎረቤት ጠረጴዛ በነጻ ይታደላል፣ ሎኬሽኑም ብሉቱዙም በርቷል። በየመሀሉ ፐርሰንቱን ያያል። 41። «አየህ?» ይለኛል። አየሁ። 42 ሆነች፣ ፊቱ በራ፣ ለደስታው ጌም ከፈተ፣ 41። ኬብሉን ነቀለ፣ ጫፉን እፍ እፍ አለበት፣ ሰካ። 41። የሶኬቱን ቀዳዳ ቀየረ፣ እንደሱ ያለው ጓደኛው «በደንብ ግፋው» ብሎ መከረው፣ ገፋው፣ 40። ስልኩ ጋለ። ስልክ ሲግል ባትሪው እንዳይጎዳ ብሎ የሚቀበለውን ኃይል ራሱ ይቀንሳል፣ የኛ ሰው ግን «እየገባ እኮ ነው፣ ንካውማ» አለኝና፣ በናታችሁ ስሙኝ፣ የደሴ ብርድ እንዳይመታው እንደተሰካ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው! ወላሂ ጃኬት አለበሰው። እናት ለአራስ ልጇ እንደዚህ አትሆንም። ከጃኬቱ ሲያወጣው 39።

ታብሌቱንስ ረሳሁት። ዲቫይደሩ ስለሞላ ታብሌቱን የሌላ ሰው አሮጌ ላፕቶፕ ጎን ላይ ሰክቶታል። የድሮዋ ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የምትሰጠው ግማሽ አምፒር ነው፣ 2.5 ዋት ማለት። የ8,000 ሚሊአምፒር ሰአት ታብሌት ወደ 30 ዋት ሰአት ይይዛል፣ ስለዚህ ማንም ሳይነካው፣ አንዲት ጠብታ ሳትባክን እንኳን ከጧቱ 12 ሰአት ብትሰካው ጸሐይ በጦሳ ተራራ በኩል ስትጠልቅ ይደርስልሃል። እሱ ግን ታብሌቱ ላይ ፊልም ከፍቶለታል፣ ብቻውን እንዳይሰለቸው ይሆናል።

ደግሞ ከነዚህ ጋር ሲወዳደሩ የሚያሳፍሩ ሰዎች አሉ። ስልካቸውን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ወይ ጭራሽ አጥፍተው ይሰካሉ። ቻርጀሩ፣ ኬብሉና ስልኩ ሶስቱም ካልተስማሙ ፋስት የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቃሉ፣ ስልኩ አልተግባባሁም ካለ ወደ ዘገምተኛው ይወርዳል። 80 ፐርሰንት ሲደርስ ነቅለው ለሌላ ሰው ይለቃሉ፣ ሊቲየም ባትሪ ከዛ በኋላ ስለሚንቀራፈፍ የመጨረሻዋን 20 መጠበቅ ትርፍ የለውም ይላሉ። ምን አይነት ደረቅ ህይወት ነው! አርበኛው ግን 100 ሳያይ ከወንበሩ አይነሳም፣ ማኪያቶው ከቀዘቀዘ ስንት ሰአቱ፣ አስተናጋጇ ብርጭቆውን ልታነሳ በመጣች ቁጥር «ገና ነኝ የኔ እህት» ይላታል።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። ሰሞኑን ሰው ላስታምም ሆስፒታል አድሬ ነበር። ከገጠር የመጡ እናት በተን ስልካቸውን ኮሪደሩ ላይ ካለችው ሶኬት ሰክተው ስሯ ቁጭ ብለዋል፣ ልጃቸው ደም ፍለጋ ተልኮ እሱ እስኪደውል ነው የሚጠብቁት። አንዱ ጎረምሳ መጣና «እማማ ትንሽ ነው፣ የኔ ፋስት ነው» ብሎ ነቅሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠባቸው። ስልኳ ጠፋች። እሳቸው ምን እንደሆነ እንኳን አልገባቸውም፣ አገላብጠው ያዩዋታል። ይሄ ነውር ነው! ፋስት ሆነ አልሆነ፣ የሰው ስልክ ሳያስፈቅዱ መንቀል ነውር ነው፣ ያሳደገህ የለም ወይ? ልጁ ኬብሉን ዘርግቶ እዛው ጌም መጫወት ጀመረ፣ ነርሷ መጥታ እስክትጮህበት ድረስ ማንም አልተናገረውም፣ እኛ ቆመን እናያለን።

እሺ ወደ ምስጋናችን። ያለ ሻጮቹ አርበኛ የለም። ዩኤስቢ ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለው የፋስት ቻርጅ ደንብ እኤአ በ2021 ነው ጣሪያውን 240 ዋት ያደረሰው፣ እሱም ለዛ የተሰራ ቺፕ ያለው ኬብል ካለህ ነው። የኛ ሰው ሰኞ ገበያ ላይ በጃንጥላ ስር 300 ዋት ይሸጣል፣ አለም ገና ወደኋላ ቀርታለች። አንስቼ መዘንኩት፣ ውስጡ ያለ ነገር የለም እስኪያሰኝ ይቀላል።

«እውነት 300 ነው?»

«ጽሁፉን አታነብም እንዴ?»

«ዋስትናስ አለው?»

«እንዴታ፣ አስፋልቱን እስክትሻገር።»

ከኋላዬ የቆመው ልጅ በትከሻዬ በኩል ብሩን ዘረጋና «ሁለት ስጠኝ» አለው።