እልል በሉ፣ ማስታወስ ቀረልን

ጎንደር ላይ ማስታወስ የሚባል ጣጣ ቀረ። እልል በሉ! የሰው ስም፣ የዕድር ቀን፣ የተበደረውን ገንዘብ በጭንቅላቱ ተሸክሞ የሚዞር ካለ ኋላ ቀር ነው። ሥልጡን ሰው ቮይስ ይቀዳል። የቀዳውን ይረሳል። ቆየት ብሎ መቅዳቱንም ይረሳዋል።

ድሮ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያሉ ያስጨንቁን ነበር። እስክሪብቶ ፍለጋ፣ ወረቀት ፍለጋ፣ ምን ያደክማል? እኛ ሦስተኛ መንገድ አገኘን። በቮይስ ያለ አይረሳም፣ አይወረስም። ቴሌግራም ላይ ይቀመጣል።

ፍሬውን ማየት የፈለገ ቅዳሜ ገበያ ብቅ ይበል። አንዱ ጎረምሳ በርበሬ ተራ መሀል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። እናቱ የላከችውን ቮይስ እየሰማ ነው። «እንዴት አደርክ የኔ ልጅ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፣ ይቺ ጉልበቴ ብቻ... እንግዲህ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኧረ ይቺን ዶሮ አስወጡልኝ! የት ደረስኩ?» ልጁ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ፍጥነቱን በእጥፍ ያደርገዋል። እናቱ በአንድ ትንፋሽ ታወራለች፣ ኮረሪማው ሾልኮ ያልፋል። አህያ ገፍታው ትሄዳለች። ሻጯ እማማ ዝም ብለው ያዩታል። ለማን ምን በዱቤ እንደሰጡ፣ የፋሲካውን ዕዳ ማን እንዳልከፈለ፣ ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። ምስኪን፣ አንድ አፕ እንኳ የላቸውም። በመጨረሻ «እናትህ ሁልጊዜ የምትወስደውን ልስፈርልህ?» አሉት። እንዲህ ያለ ድፍረት የሚመጣው ካለመሠልጠን ነው።

ከሁሉም አንጀቴን የሚበሉኝ በአታ ቤተ ክርስቲያን ያሉት የአቋቋም (የማሕሌት ዜማ) ተማሪዎች ናቸው። ከየአገሩ ጎንደር ድረስ መጥተው፣ ዜማውን ከነዝማሜው፣ ከነጸናጽሉ፣ ከነከበሮው በቃል ይይዛሉ። ዓመታት ይፈጅባቸዋል። 150ውን የዳዊት መዝሙር ሳይገልጡ የሚደግሙም አሉ። አንዲት ቃል ከሳቱ መሪጌታው ይሰሟቸዋል። ኧረ ምን በወጣችሁ! ፓወር ባንክ ግዙ እንጂ። እርግጥ የእነሱ ትምህርት መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ግን መብራት የሚጠፋው ስንቴ ነው? እ... ይቺን ጥያቄ እንዝለላት።

የአይፎኗ ሲሪ አማርኛ አትሰማም፣ ብትሰማ ደግ ነበር። ጉግል ግን በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በድምፅ መጻፊያው አማርኛን ጨመረልን። አሁን ስልኩን አፋችን ሥር አስጠግተን «ነገ ለቅሶ አለ» እንላለን፣ እሱ ቁጭ ያደርገዋል። ለቅሶ ቤት የምንደርሰው ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው፣ ግን ተጽፏል።

በቀደም ደግሞ ወደ አዘዞ ለሽምግልና ተሄደ። ወጉ ነውና ዘር ይቆጠር ተባለ፣ እስከ ሰባት ቤት። ልጁ ምን ሊደነግጥ! የአያቱን ድምፅ ቀድቶ ይዟል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አዳመጡ። አያትየው ሦስት ቤት ቆጠሩ። አራተኛው ላይ «ቆዩኝማ፣ ቡናው ገነፈለ» አሉና ቮይሱ አበቃ። ቀሪውስ? ስልኩ ሲሞላበት አጥፍቶታል።

ይሁን፣ ሦስት ቤት ምን አነሰው? ሊመረቅ ሲል ከጓዳ የልጅቷ ሴት አያት «አንተ ልጅ፣ ሦስተኛው ማን ነው ያልከው?» አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ስልክ ነክተው አያውቁም። አራተኛውን ራሳቸው ጠሩት። አምስተኛውን ጠርተው «ውይ በሞትኩት! እሱማ የኛም ነው» አሉ። ዝምድና ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ፈለጉ።

እንግዲህ ፍረዱ። ስልኩ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። ያንን የመሰለ ጋብቻ ያፈረሰው ማስታወስ ነው። ልጁ ብግን ብሎ ወጣና ለጓደኞቹ የስድስት ደቂቃ ቮይስ ላከ። እስካሁን የከፈተው የለም።