«ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?»

ወገኖቼ፣ የስዊድን ፓስፖርት የያዝን ሐበሾች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ከሁሉ በፊት የተቆጣሁት በራሴ ነው።

ስቶክሆልም መሃል ላይ፣ ኩንግስትሬድጎርደን ፓርክ፣ የንጉሥ ካርል 12ኛ ሐውልት አለ። በአንድ እጁ ሰይፍ ይዟል፤ በሌላው ወደ ሩሲያ ያመለክታል። ስደተኛ የሚጠሉ ሰዎች ንጉሡ በሞተበት ቀን፣ ኖቬምበር 30፣ እዚያ ሲሰበሰቡ ኖረዋል።

ዓመታት አልፈዋል፤ ያን ቀን በረዶ ይጥላል። ባንዲራ የያዙ ጥቂት ወንዶች ሐውልቱ ሥር ቆመዋል። አንድ ልጅ ወደ እኔ መጣ። ሃያ ዓመት አይሞላውም። በዚያ በረዶ ሸራ ጫማ አድርጓል። አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት እጁ ላይ ርሶ ቀለሙ ፈስሷል።

«ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት?» አለኝ።

ሰዎቹ ዞር አሉ። አንዱ «ወደ አገርህ ሂድ!» ብሎ ጮኸበት።

እኔስ? በስዊድንኛ «አልገባኝም» አልኩት። እናቴ አፌን በፈታችበት ቋንቋ የጠየቀኝን ልጅ!

አየኝ። አልተቆጣም። «ይቅርታ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። አጠገቤ ሁለት ሐበሾች ነበሩ። ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። እርስ በርሳችንም አልተያየንም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ንጉሡ ማንበብ ጀመርኩ። ጀግና ነው አልልም፤ በጦርነት አገሩን ያደኸየ ሰው ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1709 ፖልታቫ ላይ በሩሲያው ንጉሥ በታላቁ ጴጥሮስ ሲሸነፍ ወዴት ሸሸ? እግሩ በጥይት ቆስሎ ድንበር ተሻገረና ኦቶማን ግዛት ገባ። ከአምስት ዓመት በላይ እዚያው ኖረ። ሱልጣን አህመድ 3ኛ ቀለብ ሰፈረለት። እዚያው ካሉ ነጋዴዎች ተበደረ። በ1713 በቃህ፣ ሂድ ሲሉት እምቢ ብሎ ቤንደር በምትባል የኦቶማን ከተማ ከሱልጣኑ ወታደሮች ጋር ተዋጋ። ስዊድኖች ግርግርን ዛሬም በቱርክኛ ቃል «ካላባሊክ» የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው። አገሩ ሲመለስ አበዳሪዎቹ ስዊድን ድረስ ተከትለውት መጡ። በ1718 ኖርዌይ ውስጥ፣ ፍሬድሪክስተን ምሽግ ሥር፣ በ36 ዓመቱ ተገደለ።

ያ ልጅ የተሰደበው እንግዲህ በስደተኛ ሐውልት ሥር ነው። ተሳዳቢዎቹ ይህን አያውቁ ይሆናል። እኛስ? የካምፑን አልጋ፣ የመልስ ደብዳቤ ጥበቃውን ረሳነው? «አዲስ የሚመጡት ስማችንን አጠፉት» እያልን ቡና የምንጠጣው እኛው አይደለንም? እኔም ብያለሁ። ሳቅ ብዬ ብያለሁ።

ደክሞኛል፤ ስብከት አልችልም። ዘንድሮ ኖቬምበር 30 ሐውልቱ ጋ እቆማለሁ። ልጁን አገኘዋለሁ ብዬ አይደለም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። መንገድ የጠፋው ሌላ ሰው ይመጣ ይሆናል። ከናንተም አንድ ሰው ብቅ ቢል ደስ ይለኛል። ሻይ በፔርሙዝ እይዛለሁ።