«ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ»

በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ጥር በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመምህራን ቢሮ ደጃፍ ላይ አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። «ቲቸር፣ ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ይጽፉልኛል?» ይላል ተማሪው። «ችግር የለም፣ ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» ይላል መምህሩ። ተመሰጋግነው ይለያያሉ። ተማሪው ጉዳዩ በቀላሉ ስላለቀለት ይደሰታል። መምህሩም ተማሪውን የረዳው ይመስለዋል።

ይህ ልማድ ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክቱ የአይቲ ተማሪዎቻችንን ክፉኛ እየጎዳ ነው። ተማሪው ሳይቀበሉት ሲቀሩ ምክንያቱን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ግሬዱን ይወቅሳል፣ እንግሊዝኛውን ይወቅሳል፣ አለዚያም «ዕድሌ አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ደብዳቤውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ነገሩን በአንባቢው በኩል እንየው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለፒኤችዲ ብዙውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ የሆነው ኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ ሁለት ይፈልጋሉ። ማመልከቻውን የያዘው ሰው ከአዳማ ወይም ከባሕር ዳር የመጣ 3.7 ጂፒኤ ሲያይ ቁጥሩ ይገባዋል፣ ክብደቱ ግን አይገባውም። እዚያ ክፍል ውስጥ 3.7 ያመጣው አንድ ሰው ይሁን ሃያ ሰው አያውቅም። ይህን ሊነግረው የሚችለው ያስተማረው መምህር ነው።

አሁን እኛ የምንልከውን ደብዳቤ አስቡት። «ተማሪዋ ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪና ሥነ ምግባር ያላት ነች። ከጓደኞቿ ጋር ተግባቢ ነች። ለፕሮግራማችሁ ትመጥናለች ብዬ አምናለሁ።» ይኼ ደብዳቤ ስሙ ተቀይሮ ለማንም ይሆናል። ለነርስም፣ ለሒሳብ ሠራተኛም ይሆናል። ከዚህ ይልቅ መምህሩ እንዲህ ብሎ ቢጽፍስ? «በሦስተኛ ዓመት የኔትወርክ ላብ ላይ ሁለት ኮምፒውተሮች አልገናኝ አሉ። ሌሎቹ ኬብል ሲቀያይሩ እሷ የእያንዳንዱን አድራሻ ወረቀት ላይ ጻፈች። የአንደኛው ሰብኔት ማስክ (የኔትወርኩን ክልል የሚወስነው ቁጥር) እንደተሳሳተ አገኘች። በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍሉ ያስረዳችውም እሷ ነበረች።» አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አንባቢው ግን ልጅቷን አያት።

ተማሪው ለራሱ ሲጽፍ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ አይችልም። አንደኛ ነገር ራስን ማመስገን ያሳፍራል፤ አስተዳደጋችንም አይፈቅድም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ያገኘውን ናሙና ይገለብጣል፣ ወይም ቻትጂፒቲን ያስጽፋል። ሁለተኛ፣ ሞቲቬሽን ሌተሩንም (አመልካቹ ለምን መማር እንደፈለገ የሚያስረዳበትን ጽሑፍ) ሦስቱንም የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈው ያው አንድ ሰው ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ቃና ይኖራቸዋል። በቀን ብዙ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ይህን ለመለየት አይቸገርም።

ከዚህ የባሰም አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሁን በወረቀት የተፈረመ ደብዳቤ አይቀበሉም። በቀጥታ ወደ መምህሩ ኢሜይል ሊንክ ይልካሉ። መምህሩ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል የለውም፣ ወይም አለውና ከፍቶት አያውቅም። ስለዚህ ተማሪው በመምህሩ ስም ጂሜይል ይከፍትና ፎርሙን ራሱ ይሞላል። መምህሩም ያውቃል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሁሉም ቸግሮት ነው። ይሁን እንጂ ከተደረሰበት ማመልከቻው ይሰረዛል። እሱ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ቀጥሎ የሚያመለክተው ልጅም በጥርጣሬ ሊታይ ይችላል።

መምህራኑን ብቻ መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አንድ የአይቲ መምህር በርካታ ክፍል ይይዛል። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ደብዳቤ ስለጻፈ እድገት አያገኝም፣ ሰዓቱም አይቆጠርለትም። ወጣት ከሆነ ደግሞ ራሱም ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ እያመለከተ ነው፤ ለእሱም «ጽፈህ አምጣ» ተብሎ ይሆናል። ቢጽፍስ ምን ብሎ ይጽፋል? ተማሪውን በትክክል የሚያይበት አጋጣሚ የለውም።

ዋናው ቁስል ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመመረቂያ ፕሮጀክት በቡድን ይሠራል። ርዕሱ ብዙ ጊዜ የክሊኒክ አስተዳደር ሥርዓት፣ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ወይም የተማሪዎች ምዝገባ ነው። በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ይሠራል፤ ወፍራም ዶክመንቴሽን ይታተማል። ዲፌንስ ቀን ሁሉም ሱፍ ለብሰው ይቆማሉ። ኮዱን ሌሊት ሌሊት የጻፈው አንዱ ነው፣ ምናልባት ሁለቱ። ሌሎቹ ዲያግራም ሠርተዋል፣ አሳትመዋል፣ ወጪ ሸፍነዋል። ውጤቱ ግን ለሁሉም ተቀራራቢ ነው። አማካሪው መምህር ማን ምን እንደሠራ አያውቅም። ስለዚህ «ታታሪና ሰዓት አክባሪ» ከማለት ሌላ የሚለው የለውም።

ለዚህ ደግሞ መፍትሔው አጠገባችን አለ፤ የራሳችን የሙያ መሣሪያ ነው። ዲፓርትመንቱ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን በራሱ ስም ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ እንዲያስቀምጥ ያዝዝ። ማን የትኛውን መስመር፣ መቼ እንደጻፈ እዚያ ይታያል። «ግቢ ውስጥ ኢንተርኔት የለም» የሚል መልስ እሰማለሁ። የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ጊት ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ተማሪው ላፕቶፑ ላይ ሲሠራ ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ባገኘ ቀን ይልከዋል። ክፍያ የለውም፣ በጀት አይጠይቅም። መምህሩም ደብዳቤ ሲጠየቅ ከፍቶ የሚያየው ነገር ያገኛል።

ለአይቲ ተማሪ ነገሩ የሚብስበት ሌላም ምክንያት አለ። ጀርመን ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለኢንፎርማቲክስ ማስተርስ ዲግሪውን አይተው አያበቁም። ስንት ሒሳብ፣ ስንት አልጎሪዝም፣ ስንት የኮምፒውተር ሳይንስ ቲዎሪ ተማርክ ብለው ኮርስ በኮርስ ይቆጥራሉ። የእኛ የአይቲ ካሪኩለም ወደ ኔትወርክ፣ ዳታቤዝ፣ ዌብና ሲስተም አስተዳደር ያደላል። ስለዚህ ልጁ ጎበዝ ሆኖ ሳለ «የሒሳብ ክሬዲት ይጎድልሃል» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ይህን ሦስተኛ ዓመት ላይ የነገረው ቢኖር ዲስክሪት ማቴማቲክስን በቁም ነገር ይይዘው ነበር፤ ተመራጭ ኮርሱንም አስቦ ይመርጥ ነበር። የኮርሶቹን ዝርዝር ይዘት ማኅተም አድርጎ መስጠትም የዲፓርትመንቱ ሥራ ነው። ስንቱ ተማሪ ነው ለዚህች ወረቀት ሳምንታት ደጅ የሚጠናው!

ሬጅስትራርም ከዚህ አይለይም። ኮስት ሼሪንግ (ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ የሚጋራበት) ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሥርዓት ነው። ዕዳው ካልተዘጋ ዋናው ዲግሪ አይሰጥም፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ብዙ ቦታ ይያዛል። ዕዳ መከፈሉ ትክክል ነው። ተማሪው ግን ይህን የሚሰማው ማመልከቻ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ላይ ታች ብሎ ቴምፖውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) እና ስቱደንት ኮፒውን (ለተማሪው የሚሰጠውን የውጤት ቅጂ) ይዞ ይወጣል። ደግነቱ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከቻ ስቱደንት ኮፒውን ስካን አድርጎ መላክን ይቀበላሉ፤ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ይህን ባለማወቅ ሳያመለክቱ የቀሩ ልጆች አሉ። የስም ነገርም አይዘንጋ። ዲግሪው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ካልገጠመ፣ ከመመረቅ በፊት ማስተካከል ከተመረቁ በኋላ ከመሯሯጥ እጅግ ይቀላል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ተብሏል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በራስ ወጪ መማር ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ሆኗል። ጀርመን ለቪዛ በዝግ አካውንት (ለኑሮ ወጪ አስቀድሞ ተቀምጦ በየወሩ በሚወጣ ገንዘብ) ለዓመት 11,904 ዩሮ ይጠይቃል። አሜሪካ ከቪዛው 185 ዶላር ሌላ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) 350 ዶላር አለ። የማመልከቻ ክፍያውም በዶላር ነውና ሜሪላንድ ያለች አክስት ወይም የአጎት ልጅ ካርድ ይለመናል። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን ያለው መንገድ ስኮላርሺፕ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። የጀርመኑ ዳድ (DAAD) የልማት ተኮር ፕሮግራሞችና የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚፈልጉ ለአዲስ ተመራቂ አይሆኑም። አሜሪካ ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል፤ የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን ሸፍኖ ለሥራው ይከፍላል። ብዙ ልጆች «ማስተርስ ስለሌለኝ አይሆንም» ብለው ሳይሞክሩ ይቀራሉ። በእነዚህ ሁሉ በሮች ላይ ግን ያው ደብዳቤ ይጠየቃል። ማመልከቻ የሚያስፈጽም ኤጀንሲ ተከፍሎትም ይህን ሊፈታው አይችልም። እሱ ልጁን ክፍል ውስጥ አላየውም።

«ለምን እንርዳቸው? ሄደው ይቀራሉ» የሚሉ አሉ። የሚቀር አለ፤ ስጋቱ ይገባኛል። አገር ባስተማረችው ልጅ ሳትጠቀም መቅረቷ ያማል። ነገር ግን ተማሪን በመጥፎ ደብዳቤ አገር ውስጥ ማስቀረት ፖሊሲ ሊሆን አይችልም። በዚህ መንገድ የሚቀረው ደግሞ ዘመድ የሌለው፣ የተማረ ቤተሰብ የሌለው፣ ከወረዳ የመጣው ልጅ ነው። ሌላው መንገዱን የሚያሳየው ሰው አያጣም። ተማሪን በቅርብ ማወቅና የሠራውን መመዝገብም አዲስ አበባ ሥራ ለሚፈልገው ልጅ እኩል ይጠቅመዋል። ቀጣሪም «ምን ሠርተሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ዲፓርትመንቶች በያዝነው ሴሚስተር ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። መምህራን በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንዲሠሩ ማድረግ። ደብዳቤ መጻፍን እንደ ምክር አገልግሎት ቆጥሮ ከመምህሩ የሥራ ሰዓት ውስጥ ማስገባት። መምህሩ ለማያውቀው ተማሪ «አላውቅህምና ሌላ መምህር ጠይቅ» እንዲል ማበረታታት። ይህ መልስ ሲሰሙት ይከብዳል፤ ለተማሪው ግን ከባዶ ምስጋና ይሻለዋል።

ለተማሪዎች ደግሞ፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጨረሻው ዓመት በኤግዚት ኤግዛም (በመውጫ ፈተና) እና በፕሮጀክት ተወጥሯል። ስለዚህ በሦስተኛ ዓመት ጀምሩ። ከአንድ ሁለት መምህራን ጋር ላብ ውስጥ ቆዩ፣ ጥያቄ ጠይቁ፣ ሥራችሁን አሳዩ። ደብዳቤውን ስትጠይቁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም በሉ። መምህሩ «ጽፈህ አምጣ» ካላችሁ አትቆጡ። በአንድ ገጽ ላይ ከእሱ ጋር የወሰዳችሁትን ኮርስ፣ ያገኛችሁትን ውጤት፣ ላብ ውስጥ የሠራችሁትን፣ የኮዱን ሊንክና የመዝጊያ ቀኑን ጽፋችሁ ስጡት። «ቲቸር፣ ማስታወሻውን አምጥቻለሁ፤ ደብዳቤውን ግን እርስዎ በራስዎ ቃል ቢጽፉልኝ» በሉት። ሊንኩ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይሉ ውስጥ መግባቱን አብራችሁት ሆናችሁ አረጋግጡ፤ ስፓም ውስጥም እዩ። አንድ ሳምንት ሲቀረው ደውሉ። አሁንም ካልላከ ቢሮው ሂዱና ላፕቶፑን እስኪከፍት ጠብቁ።