ሁለት ፓወር አምስት ስድስተኛ ምን አጠፋ?

ገና ከትምህርት ቤቱ ግቢ መውጣቴ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የወንድሜን የሒሳብ ፈተና ነገር፣ ትክክል ሠርቶ ኤክስ የተደረገበትን፣ ማታ ነግሬያችኋለሁ አይደል? ለሱ ብዬ ሄጄ ነው።

ጥያቄው ስኩዌር ሩት 8 ሲካፈል ለኪዩብ ሩት 4። ሲምፕሊፋይ ነው የሚለው፣ ሌላ ነገር የለውም። ልጁ 8ን 2 ፓወር 3 አደረገው፣ ስኩዌር ሩቱ ሲገባ 2 ፓወር 3/2 ሆነ። 4ቱም በኪዩብ ሩቱ 2 ፓወር 2/3። ቤዙ አንድ ነው፣ ሁለቱም 2፣ ስለዚህ ሲካፈል ፓወሩ ይቀነሳል። 3/2 ማለት 9/6፣ 2/3 ማለት 4/6 ነው፤ 9/6 ሲቀነስ 4/6፣ 5/6። መልስ፦ 2 ፓወር 5/6። በአራት መስመር ጨረሰው! ሩቶቹ ስለሚለያዩ ዝም ብለህ 8ን ለ4 አካፍለህ አንድ ሩት ውስጥ መክተት አትችልም፣ እሱ ይሄ ገብቶታል። እና በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ እስኪቀደድ ኤክስ።

"መምህር ይቅርታ፣ ይሄ ለምን ስህተት ሆነ?" አልኩ። በእርስዎ ነው ያናገርኳቸው። ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው "ሩቱ የታለ?" አሉኝ።

"ፓወሩ ላይ አለ እኮ፣ ታች ያለው 6 ሩቱ ነው። 2 ፓወር 5 ደግሞ 32 ነው፣ ስለዚህ ስድስተኛ ሩት 32 ማለት ነው።"

"እኔ ጋ ያለው መልስ ስድስተኛ ሩት 32 ነው። እንደዛ ይጻፋ! ደሞ አንቺ ማነሽ፣ ሒሳብ አስተማሪ ነሽ?"

አንቺ! ስታፍ ውስጥ የነበሩት በሙሉ ሳቁ። ሻይ የያዘው ሰውዬ ሻዩን አስቀምጦ ነው የሳቀው። ስልኬን አውጥቼ ካልኩሌተር ላይ ሁለቱንም መታሁ፣ 1.78፣ 1.78፣ አንድ ናቸው፣ ይዩት። "ስልክ ክልክል ነው" ተባልኩ።

ባለፈው ወር ለፊርማ ጠርተውኝ ሁለት ሰዓት በር ላይ አቁመው "ነገ ተመለሺ" ያሉኝም እዚሁ ነው። ያኔም ከሥራ አስፈቅጄ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ነጥቡ አይደለም፣ ሁለት ነጥብ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ራሽናል ኤክስፖነንት (ክፍልፋይ ፓወር ማለት ነው) የሚለውን ቃል ሸምድደው ያልፋሉ። ይሄኛው ግን ገብቶት ነው የሠራው። ማካፈል መቀነስ የሚሆንበትን መንገድ ሲያይ እኩለ ሌሊት ላይ ቀስቅሶ ያሳየኝ ልጅ ነው! ደክሞኛል በቃ።

በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። "አስተካከሉት?" አለኝ። ዝም ስለው "እሺ፣ ከአሁን በኋላ በሩት ብቻ ልሥራ?" አለ። ታክሲ ውስጥ ነን፣ እስካሁን አልመለስኩለትም።