ታንኳውን ወደን ልጁን የምንጠላ ሰዎች

ወገኖቼ የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ሰሞኑን ጣና ዳር አንድ ልጅ ታንኳ ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ዕድሜው ቢበዛ አሥራ አምስት ነው። የደንገሉን ነዶ በጉልበቱ ተጭኖ፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ ይጠፍራል። ሲላላበት ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ፈታው፤ አልተናደደም። አጠገቡ የቆሙት አባት አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እጁን ብቻ ያያሉ። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳ ከሐይቅ ሲወጣ ቆሞ ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ ቢደርቅም ብዙ አይቆይም። እንደገና መሥራት ነው፣ ዕድሜ ልክ።

ክሪስቶፈር ፒተርሰን እና ማርቲን ሴሊግማን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2004 የሰውን መልካም ጠባያት 24 አድርገው ዘርዝረዋል። ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ ትሕትና አሉበት። እነዚህን ሦስቱን እዚያው አየኋቸው።

ወዲያው ሁለት ጎረምሶች በአጠገባችን አለፉ። አንዱ ጓደኛውን ሊሰድብ «አንተ ወይጦ!» አለው። ተሳሳቁ። ልጁ ቀና አላለም። ገመዱን የሚስበው እጁ ግን ቆመ።

እኔም ዝም አልኩ። ያናደደኝ ይሄ ነው።

የልጁ ወገኖች፣ የነገደ ወይጦ ሰዎች፣ ይህ ከተማ አስፋልት ሳያውቅ ሐይቁን ያውቁት ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ እንደኛው አማርኛ ይናገራሉ። ከተማው ወደ ውኃው በሰፋ ቁጥር መንደራቸው ተገፍቷል። ዳር ዳሩ ሲታረስ ደንገሉም ይሸሻል። ታንኳቸውን ግን እንወደዋለን። ፎቶ እንነሳበታለን፣ ለእንግዳ እናሳያለን። ሠሪውን ማዕድ ላይ አብረነው ለመቀመጥ እንጠየፋለን።

ይህን ስናገር «ችግር ለምደዋል፣ ጠንካሮች ናቸው» የሚለኝ አይጠፋም። እባካችሁ ይህን ቃል ተዉት። የሰውን ጥንካሬ ለበደላችን ማመካኛ ማድረግ ነውር ነው። ማይክል ቻንድለር እና ክሪስቶፈር ላሎንድ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር የነባር ሕዝቦችን ወጣቶች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሥራ አለ። ስድስት ነገሮችን ተመለከቱ፦ ራስን ማስተዳደር፣ የመሬት መብት፣ ትምህርት፣ ጤና፣ የባህል መሰብሰቢያ፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ አገልግሎት። ስድስቱንም በእጃቸው ባደረጉ ማኅበረሰቦች ጥናቱ በሸፈናቸው አምስት ዓመታት አንድም ወጣት ራሱን አላጠፋም። አንዱም በሌላቸው ዘንድ ቁጥሩ ከአገሪቱ አማካይ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በሁለቱም ወገን ያሉት ልጆች ናቸው። የተለየው በዙሪያቸው ያለው ነው።

የእኛስ ታንኳ ሠሪ ልጅ በዙሪያው ምን አለው? መምህራን፣ ክፍል ውስጥ ያ ስድብ ሲወረወር ያልሰማችሁ አትምሰሉ። ማንነቱን ደብቆ የሚማር ልጅ አንድ ጆሮው ሁልጊዜ ስሙ ወደሚነሳበት ነው። እናቶች፣ የነገደ ወይጦ ሴት የሠራችውን ሰፌድ ስትገዙ ሠሪዋን እስክታፍር ድረስ አትከራከሯት። የሐይቁ ዳር በሚሸነሸንበት ስብሰባ የምትቀመጡ ደግሞ እነሱ የት ይሆናሉ ብላችሁ ጠይቁ፤ እነሱም ተጠርተው እዚያው ይቀመጡ።

ልጁ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ገመዱን አንስቶ መጠፈር ቀጠለ። እኔ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው መጣሁ። ነገ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ።