ትንሿ ሞተር ለወፍራም መጋረጃ አትሆንም
መጋረጃን በሞተር ስለመክፈትና ስለመዝጋት የተጻፈው ጽሑፍ «ባለ 5 ቮልቷ ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የምትዞር ሞተር) ለማንኛውም መጋረጃ ትበቃለች» ባለው ላይ አልስማማም። ሞክሬዋለሁ። ለቀላል ተጠቅላይ መጋረጃ ትሠራለች፣ ያውም ቀስ ብላ፤ በደቂቃ 15 ዙር ገደማ ብትዞር ነው። እናቴ ሳሎን ያለው ድርብ መጋረጃ ላይ ሳስራት ግን ጢጢጢ እያለች ቆማ ቀረች (እናቴም «እጅ የለህም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ)። በኋላ ኔማ 17 የሚባለውን ጠንከር ያለ ስቴፐር ገዝቼ በ12 ቮልት ነው የተገላገልኩት። ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ነው። ስቴፐር የት እንደደረሰ አያውቅም፤ ፕሮግራሙ እርምጃ እየቆጠረ ነው የሚገምተው። እኛ ቤት መጋረጃው ግማሽ ላይ እያለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ሞተሩን የሚያዘው ትንሽዬ ኮምፒውተር፣ ኢኤስፒ 32ቱ፣ «ገና ክፍት ነው» ብሎ ከዜሮ ጀመረ። ዝጋ ስለው መጨረሻውን አልፎ ገመዱን ከሞተሩ ጥርስ አወጣው። መጋረጃው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ አንዲት ሊሚት ስዊች (መጋረጃው ሲነካት ለፕሮግራሙ የምታሳውቅ ቁልፍ) ብታስሩ ግን፣ መብራት በመጣ ቁጥር ሄዶ ይነካትና ቆጠራውን ከዚያ ይጀምራል። ከጽሑፉ ሥር «በፓወር ባንክ አይሠራም ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ትንሿ ሞተር ትሠራለች። ግን መጋረጃው እንደቆመ የሞተሩን ኃይል ኮዱ ላይ አጥፋው፤ አለዚያ ቆሞም እየጋለ ባትሪውን ይጨርስልሃል። አንዳንዱ ፓወር ባንክ ደግሞ ፍጆታው ሲያንስ ራሱን ያጠፋል፤ የኔው እንደዚያ ሆኖብኝ ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁ በእጄ ስከፍት ከርሜያለሁ።