ስለ ቲዩብ ቅየራው

«ትንንሾቹን ቲዩቦች በድሮ ሙላርድ ቀይሩ፣ አምፕሊፋየራችሁ አዲስ ይሆናል» የሚለው ምክር ትንሽ ተጋነነ። (ቲዩብ አምፕሊፋየር ውስጥ ድምፁን የሚያጎላው አምፖል መሰል የመስታወት ዕቃ ነው፤ ሙላርድ የእንግሊዝ የቲዩብ ሠሪ ነው።) ለውጡን እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ስፒከር የመቀየርን ያህል ግን አይደለም። የሚወጣው ብር ደግሞ ያናድዳል!

ድምፁ ለበዛባችሁ፣ 12ኤኤክስ7 በሚባለው የተለመደ ትንሽ ቲዩብ ፈንታ 5751 የሚባለውን ሞክሩ። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅም 100 ነው፣ የዚህ 70። እግራቸው አንድ ስለሆነ ይተካካሉ፤ ድምፁ ቀነስ ይላል፣ ሽሽታውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይወርዳል። 6ዲጄ8 የሚባለውን ሌላ ትንሽ ቲዩብ ግን እዚያ እንዳትሰኩ። ሶኬቱ ውስጥ ልክ ይገባል፣ የእግሮቹ አደራደር ግን ሌላ ነው።

አሮጌ ቲዩብ ስትገዙ አምፕሊፋየሩን አብርታችሁ ቲዩቡን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ነካ አድርጉት። በስፒከሩ እንደ ቃጭል ካቃጨለ ለሸክላ ማጫወቻ አይሆንም። የእኔ አንዱ አቃጭሏል፤ ሻጩ አልመልስም ብሎኝ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።